ማጣሪያው ተሻሽሏል፤ አማርኛችንን ግን ገና አላወቀውም

ሰሞኑን ስለ ስልክና ስለ ኢሜይል የሚወራው አንድ ነገር ነው፤ «ስፓም ማጣሪያው ተሻሽሏል፣ አጭበርባሪ ከእንግዲህ አይደርስብሽም» ይባላል። ጉግልም፣ አፕልም፣ ዋትሳፕም በተከታታይ አዳዲስ መከላከያ አውጥተዋል። ወሬው ውሸት አይደለም። ግን አንድ ነገር መጠየቅ አለብን፤ ማጣሪያው የተሻሻለው በየትኛው ቋንቋ ለሚጭበረበር ሰው ነው?

እኔ እንደ እናንተው ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምሰራ ነኝ፤ ትምህርቴም እስከ አስረኛ ክፍል ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ግን ይሄ ጉዳይ የባለሙያ ብቻ አይደለም፤ የደሞዛችን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተለወጠ፣ እኛን የት ላይ እንደሚጥለን እና አንቺ ዛሬ ማታ ስራ ስትጨርሺ ስልክሽ ላይ ምን ማስተካከል እንዳለብሽ በተራ እናየዋለን።

ለምን አሁን? ደሞዙ ስልክ ውስጥ ገብቷል

ድሮ ደሞዛችንን ማዳም ወይም ካፊሉ በእጃችን ይሰጡን ነበር። ያ እየቀረ ነው። የሳውዲ የሰው ሃብትና ማህበራዊ ልማት ሚኒስቴር የቤት ሰራተኛ ደሞዝ በሙሳነድ በኩል በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዝዟል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአዲስ ውል ለሚመጡ ሰራተኞች ተጀመረ። ከዚያ ብዙ ሰራተኛ ያላቸው አሰሪዎች በተራ እየገቡ መጡ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ሁሉንም አሰሪ እንዲይዝ ተደረገ።

ይሄ ለእኛ ጥሩ ነገር ነው። ደሞዝ ሳይከፈለን ሲቀር ወይም ሲቆራረጥ ማስረጃ አለን፤ «ሰጥቻታለሁ» ብሎ መካድ አይቻልም። ግን ሌላ ገጽታም አለው። ደሞዝሽ አሁን ያለው በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ዩርፔይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ድሮ ኤስቲሲ ፔይ ይባል የነበረው አሁን ኤስቲሲ ባንክ የሆነው። ድሮ ገንዘብሽን ለመስረቅ ክፍልሽ ድረስ መግባት ያስፈልግ ነበር። አሁን አንድ መልእክትና አንድ ኮድ ይበቃል። ሌባው ባለበት አገር ሆኖ ያወጣዋል። ስለዚህ የመልእክት ማጣሪያ ድሮ ማስታወቂያ እንዳይረብሽሽ የሚጠቅም ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ የቦርሳሽ ዚፕ ሆኗል።

ማጣሪያ እንዴት ነው የሚሰራው?

ወንፊት እናውቃለን። ዱቄቱ ያልፋል፣ እንክርዳዱና ገለባው ይቀራል። የኢሜይል ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የወንፊቱን ዓይን ሰፋ ወይም ጠበብ ማድረግ መቻሉ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ስፓም አሳሲን የሚባል ማጣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ በነጻ የሚሰጥ፣ በራሳቸው ድረ ገጽ ስም ኢሜይል የሚጠቀሙ ብዙ ድርጅቶች ከኋላ የሚያሰሩት ነው። አሰራሩ በነጥብ ነው። መልእክቱ ውስጥ አጠራጣሪ ምልክት ባገኘ ቁጥር ነጥብ ይሰጣል። ላኪው ስሙን ደብቋል? ነጥብ። «አሁኑኑ ካልከፈልሽ» ይላል? ነጥብ። ሊንኩ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል? ነጥብ። ማንም ካልነካው በስተቀር ድምሩ 5 ሲደርስ መልእክቱ ስፓም ይባላል። ባለቤቱ ከፈለገ 5ቱን ወደ 3 ያወርደዋል፣ ወይም ወደ 8 ያሳድገዋል። ወንፊቱን ማጥበብና ማስፋት የምለው ይሄንን ነው።

ሁለተኛው መንገድ መማር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፖል ግራሃም የሚባል አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ አንድ ሃሳብ ጽፎ ብዙ ሰው ተከተለው። ሃሳቡ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ሰውየው «ይሄ ቆሻሻ ነው» ያላቸውንና «ይሄ ደህና ነው» ያላቸውን መልእክቶች ይሰበስብና በየትኛው ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚበዛ ይቆጥራል። አዲስ መልእክት ሲመጣ ቃላቱን አይቶ ይፈርዳል። ስፓም አሳሲንም ይሄን ዘዴ ይጠቀማል፤ ግን ቢያንስ 200 ቆሻሻና 200 ደህና መልእክት ካላየ በዚህ ዘዴ መፍረድ አይጀምርም። ልብ በይ፤ ሰው ካላስተማረው ማሽኑ ከራሱ አያውቅም።

ምን ተሻሻለ?

አንደኛ፣ ይሄው ስፓም አሳሲን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 አራተኛው ትውልዱ ወጣ። ትልቁ ለውጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆኑ ፊደላት የተጻፉ መልእክቶችን የሚያነብበት መንገድ መስተካከሉ ነው። የእኛም ፊደል ከነዚህ አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ የአንድሮይድ ስልክ መልእክት። ጉግል መልእክት ማስተላለፊያው ላይ ስፓም የሚለይ መከላከያ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ንግግሩ እየቀጠለ ሳለ «ይሄ ሰው ሊያጭበረብርሽ ይመስላል» ብሎ የሚያስጠነቅቅ አዲስ ዘዴ ጨመረ። ጥሩ ነው። ግን ሲጀመር በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝና ለካናዳ ተጠቃሚዎች ነበር።

ሶስተኛ፣ አይፎን። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የወጣው አይኦኤስ 26 ከማታውቂው ሰው የመጣን መልእክት ለብቻው ያስቀምጣል። የማታውቂው ሰው ሲደውልም ስልኩ ራሱ «ማን ነህ? ለምን ደወልክ?» ብሎ ይጠይቅልሻል። ይሄም በጥቂት ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛ የለበትም።

አራተኛ፣ ዋትሳፕ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከማይታወቅ ቁጥር የሚመጣን ጥሪ ድምጽ አልባ ማድረጊያ አመጣ። በ2025 ደግሞ የማታውቂው ሰው ግሩፕ ውስጥ ሲከትሽ መጀመሪያ ስለ ግሩፑ የሚያስጠነቅቅ ገጽ ጨመረ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከአጭበርባሪ ማዕከላት ጋር የተያያዙ ከ6.8 ሚሊዮን በላይ አካውንቶችን መዝጋቱን ተናግሯል። ቁጥሩን ስታዪ ነገሩ የአንድ ሁለት ሌባ ስራ እንዳልሆነ ይገባሻል። እንደ ፋብሪካ ነው የሚሰሩት።

አምስተኛ፣ ሳውዲ ራሷ። የሳውዲ የኮሙኒኬሽን፣ የህዋና የቴክኖሎጂ ኮሚሽን ማስታወቂያ የሚልኩ ድርጅቶች በስማቸው መጨረሻ ላይ ሰረዝና «ኤ» እና «ዲ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት እንዲኖር አድርጓል። እነዚህን ፊደላት ካየሽ ማስታወቂያ ነው፤ ሊያሰለች ይችላል፣ ግን ላኪው የታወቀ ድርጅት ነው። ሌላው ደግሞ የማጭበርበር ኤስኤምኤስ ሲደርስሽ ወደ 330330 የምትልኪበት ቁጥር አለ።

አማርኛ ላይ ለምን ይሰናከላል?

እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ። ከላይ የቆጠርኩልሽ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቅሽ በእንግሊዝኛና በትልልቅ ቋንቋዎች ከሚመጣው ነው። እኛን የሚያጭበረብረን ግን ብዙ ጊዜ የራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ «እህቴ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ለማሽኑ አማርኛ ለምን ይከብደዋል? ሶስት ምክንያት ልንገርሽ።

አንዱ ፊደላችን ነው። «ሀዋላ» በይና ጻፊ። አንዷ በ«ሀ»፣ ሌላዋ በ«ሃ»፣ ሌላዋ በ«ሐ» ትጽፈዋለች። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ቃል ለሚቆጥር ማሽን ግን ሶስት የተለያየ ቃል ነው። «ደመወዝ» እና «ደሞዝ»ም እንደዚያው።

ሁለተኛው ቃላችን ራሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ላክ» የሚለው ቃል ብዙም አይለዋወጥም። በእኛ ግን «ላኪ»፣ «ላኪልኝ»፣ «እንድትልኪልኝ»፣ «ከላክሽልኝ» እያለ ይሄዳል። ማሽኑ «ላኪልኝ»ን ቢማር «ከላክሽልኝ» ሲመጣ አዲስ እንግዳ ይመስለዋል።

ሶስተኛው አጻጻፋችን ነው። ግማሻችን አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምንጽፈው። አጭበርባሪውም እንዲሁ። ከዚያ ሲብስ ጭራሽ አይጽፍም፤ ድምጽ ቀርጾ ይልካል፣ ወይም ጽሑፉን ፎቶ ላይ አድርጎ ይልካል። ቃል የሚያነብ ማጣሪያ የድምጽ መልእክት ውስጥ ያለውን «እህቴ በፍጥነት» አይሰማም።

በዚህ ላይ ማሽኑ ከሰው ነው የሚማረው ብለናል። እኛ ደግሞ መጥፎ መልእክት ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ዝም ብለን እናጠፋዋለን። ማጥፋት ምንም አያስተምረውም። «ሪፖርት ስፓም» የሚለውን ስትነኪ ነው «ይሄ ቆሻሻ ነው» ብለሽ የምትነግሪው። አንቺ ዛሬ የነካሻት አንዲት ሪፖርት ነገ ለሌላዋ እህትሽ ትደርሳለች።

ደህናውንም ይጥላል

ወንፊቱ በጣም ከጠበበ ዱቄቱም አያልፍም። ይሄንን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ስፓም አሳሲን ቋንቋ የሚለይበት ተጨማሪ ክፍል አለው። ባለቤቱ «እኔ የምቀበለው እንግሊዝኛና አረብኛ ብቻ ነው» ብሎ ሊያዘው ይችላል። አማርኛ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ግን ባለቤቱ «ይፈቀድ» ካላለው አማርኛ መሆኑ ራሱ ነጥብ ያስጨምርበታል። እስኪ አስቢው፤ አንቺ ደሞዝሽ ተከልክሎ ለአንድ ድርጅት በአማርኛ አቤቱታ በኢሜይል ትጽፊያለሽ፣ ሁለት ወር መልስ ትጠብቂያለሽ፤ ጽሑፍሽ ግን ማንም ሳያየው ስፓም ውስጥ ተቀምጧል። ሰዎቹ ንቀውሽ አይደለም፤ አልደረሳቸውም።

ስለዚህ ለድርጅት ኢሜይል ስትልኪ ርዕሱ ላይ አጭር ነገር በእንግሊዝኛ ወይም በአረብኛ ጨምሪ፤ ስምሽንና ጉዳዩን ብቻ። ብዙ ፎቶ በአንዴ አትጫኚ። ሊንክ አትለጥፊ። ከዚያ በሶስት አራት ቀን ውስጥ ደውለሽ «ደርሷችኋል?» ብለሽ ጠይቂ።

በአንቺም በኩል እንደዚያው ነው። ጂሜይል ስፓም ውስጥ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ አርብ ቀን ትንሽ ስታርፊ፣ ስፓም የሚለውን ከፍተሽ እዪ። የምትጠብቂው ነገር እዚያ ካለ «ኖት ስፓም» በይው።

ጥሪ ድምጽ አልባ ማድረግም ዋጋ አለው። እናትሽ ታማ ወንድምሽ በጎረቤት ስልክ ቢደውል ስልክሽ አይጮህም። ስለዚህ ይሄን ከማብራትሽ በፊት የቤተሰብሽን፣ የጎረቤትሽን፣ የኤጀንሲሽን፣ የኤምባሲውንና የባንክሽን ቁጥር በስም መዝግቢ። ካበራሽ በኋላም ያመለጡ ጥሪዎችን ማታ ማታ እዪ፤ ጥሪው ባይጮህም ዝርዝሩ ውስጥ ይቀመጣል።

የትኛውም ማጣሪያ የማይይዛቸው

አሁን ማጣሪያ ከሚያልፉት ውስጥ በእኛ ላይ የሚበዙትን እንይ።

ኮድ የሚጠይቀው። «ከባንክ ነው፣ ካርድሽ ታግዷል፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ይላል። ያቺ ቁጥር ቁልፍሽ ናት። ባንክም፣ አብሽርም፣ ሙሳነድም ደውለው ኮድ አይጠይቁም። ለማንም አትስጪ፤ ለዘመድም ቢሆን።

የናፋዝ ቁጥር። ይሄ ብዙዎች የማያውቁት ነው። ሌባው የኢቃማ ቁጥርሽን ይዞ አንድ ድረ ገጽ ላይ በአንቺ ስም ለመግባት ይሞክራል። ድረ ገጹ ለእሱ ሁለት አሃዝ ያሳየዋል። ከዚያ ይደውልልሽና «ናፋዝ ክፈቺ፣ 47ን ንኪ» ይልሻል። ስትነኪ በሩን የከፈትሽለት አንቺ ነሽ። ኮድ ስላልተናገርሽ ምንም ያልሰጠሽ ይመስልሻል። ደንቡ አንድ ነው፤ አንቺ ራስሽ መግባት ካልጀመርሽ ናፋዝ ላይ የመጣን ቁጥር አትንኪ፣ «አልቀበልም» በይ።

የዲቪ ኢሜይል። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ዲቪ ደርሶሻል፣ ይሄንን ያህል ዶላር ላኪ» የሚል። የአሜሪካ መንግስት ዲቪ ደረሰሽ ብሎ በኢሜይል አያሳውቅም። የሚታየው አንቺ በመዝገብ ቁጥርሽ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ ስታዪ ብቻ ነው። የመዝገብ ቁጥርሽን የሞላልሽ ሰው ይዞት ከሆነ ተቀበዪው።

የካናዳና የአውሮፓ ስራ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «በሶስት ወር ካናዳ» የሚሉ አሉ። ወረቀቱ ማህተም አለው፣ የሚያምር ባንዲራ አለው። ገንዘቡ የሚጠየቀው ግን በሰው ስም ነው፤ በቴሌብር ወይም በአንድ ግለሰብ አካውንት። ኤምባሲ ለቪዛ በግለሰብ ስልክ ቁጥር ገንዘብ አይቀበልም።

ሁሩብ አስነሳለሁ፣ መውጫ አወጣለሁ። ጭንቅ ውስጥ ያለችውን ነው የሚፈልጓት። ሁሩብ የተባለባት እህት የምትይዘውን ታጣለች፤ «ሰው አለኝ፣ 3 ሺህ ሪያል ላኪ» ሲላት ታምናለች። አብሮኝ በአንድ ሰፈር ከሚሰሩት አንዷ እንዲህ ብላ የሰባት ወር ቁጠባዋን ሰጥታ ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ሁሩቡ እንዳለ ቀረ፤ ገንዘቡም ሄደ።

ቦርሳሽን አከራዪኝ። «በአንቺ ዩርፔይ ገንዘብ ይግባልኝ፣ 200 ሪያል ለአንቺ» የሚል። ይሄ የቀላል ገንዘብ ይመስላል። ግን የሚገባው ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው፤ ፖሊስ ሲፈልግ የሚያገኘው የአንቺን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳውዲ የገንዘብ ማጭበርበር ህግ ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት እስርና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ይደርሳል። 200 ሪያል ለዚህ አይበቃም።

ሁሉንም ስታዪያቸው አንድ ጸባይ አላቸው። ያስቸኩሉሻል፣ ለማንም እንዳትነግሪ ይሉሻል፣ መጨረሻ ላይ ወይ ኮድ ወይ ገንዘብ ይጠይቁሻል። ማሽኑ አማርኛ ባያውቅም አንቺ ይሄንን ታውቂያለሽ። እነዚህን ሶስቱን ካየሽ ለራስሽ 5 ነጥብ ስጪውና ዝጊው።

የራስሽን ወንፊት አስተካክዪ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሁሉንም በአንድ ማታ መጨረስ የለብሽም፤ በየቀኑ አንድ አንድ አድርጊ።

ጂሜይል። ብዙዎቻችን ባትሃ ወይም ሌላ ሱቅ ስልክ ስንገዛ ጂሜይሉን የከፈተልን ባለሱቁ ነው። የይለፍ ቃሉን እሱ ያውቀዋል ማለት ነው። መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ቀይሪ። ቀጥሎ የማስመለሻ ስልክ ቁጥሩ የማን እንደሆነ እዪ፤ የአንቺ ካልሆነ ቀይሪው። ከዚህ በኋላ የራስሽን ማጣሪያ ትሰሪያለሽ። የስልኩ ጂሜይል አፕ ላይ ማጣሪያ መስራት አይቻልም፤ በኮምፒውተር ወይም በክሮም በኩል የኮምፒውተሩን ገጽ ከፍተሽ ነው። መፈለጊያው ሳጥን ጎን ያለውን ምልክት ስትነኪ ከማን የመጣ፣ ምን ቃል ያለበት ብለሽ ትሞያለሽ፤ ከዚያ «ክሪኤት ፊልተር» ትያለሽ። ለባንክሽና ለኤጀንሲሽ ኢሜይል «ኔቨር ሴንድ ኢት ቱ ስፓም» የሚለውን ምረጪ። ኮምፒውተር የምታውቅ ጓደኛ ካለሽ አብራችሁ አድርጉት፤ የይለፍ ቃሉን ግን ራስሽ ጻፊ።

ኤስኤምኤስ። አንድሮይድ ከሆነ መልእክት መላኪያው ውስጥ ከላይ ያለውን ፎቶሽን ንኪ፣ ሴቲንግ ግቢ፣ «ስፓም ፕሮቴክሽን» የሚለው መብራቱን እዪ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ መሴጅስ ላይ ገብተሽ የማይታወቁ ላኪዎችን የሚለየውን አብሪ። ስታበሪው የኮድ መልእክት ወደ ሌላ ማህደር ሊገባ ስለሚችል እዚያም ማየት ልመጂ።

ዋትሳፕ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ግሩፕስ፤ «ማይ ኮንታክትስ» አድርጊው። ያኔ የማታውቂው ሰው ግሩፕ ውስጥ ሊከትሽ አይችልም። እዚያው ፕራይቬሲ ውስጥ «ኮልስ» የሚል አለ፤ «ሳይለንስ አንኖውን ኮለርስ»ን ከፈለግሽ አብሪ። አካውንት የሚለው ውስጥ ደግሞ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አለ፤ ስድስት አሃዝ ራስሽ መርጠሽ ሙዪ። የልደት ቀንሽን አታድርጊ።

ቴሌግራም። ሴቲንግ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»። ስልክ ቁጥርሽን ማን ያያል የሚለውን «ኖባዲ» በይ። ማን ግሩፕ ውስጥ ይከትሻል የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» በይ። የይለፍ ቃል እዚህም ጨምሪ። ኢሞ የምትጠቀሚም ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተሽ ፕራይቬሲውን እዪ።

ሲም ካርድ። ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። ሲምሽ በሌላ ሰው ስም ከሆነ የትኛውም ማጣሪያ አያድንሽም፤ ሰውየው ሄዶ ቁጥሩን በምትክ ሲም ሊያወጣውና ኮዶችሽ ሁሉ ወደ እሱ ሊሄዱ ይችላሉ። በራስሽ ኢቃማ አውጪ። በአንቺ ስም የማታውቂው ቁጥር መኖሩንም እዪ፤ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ «አርቃሚ» የሚል አገልግሎት አለው፣ በናፋዝ ገብተሽ በስምሽ ያሉትን ቁጥሮች ታያለሽ። የማታውቂው ካለ ለዚያ ሲም ድርጅት አሳውቀሽ አዘጊው።

የቤተሰብ ቃል። ይሄ ቴክኖሎጂ አይደለም። ከእናትሽና ከእህትሽ ጋር አንድ ሚስጥር ቃል ተስማሙ። «ታምሜያለሁ ገንዘብ ላኪ» የሚል በአዲስ ቁጥር ሲመጣ ቃሏን ጠይቂ። ለእነሱም ንገሪያቸው፤ በአንቺ ስም ሌላ ሰው ሊጽፍላቸው ይችላል።

ገንዘቡ ከሄደ

ከሄደ አታፍሪ፣ ዝምም አትበይ። ማፈር ለሌባው ጊዜ ይሰጠዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ባንክሽ ወይም ወደ ስልክ ቦርሳሽ ድርጅት ደውለሽ አካውንቱን አሳግጂ። ቁጥሩን ካርድሽ ላይ ካለው ወይም ከአፑ ውስጥ ውሰጂ፤ በጉግል ፈልገሽ ያገኘሽውን አትመኚ። መልእክቱን አታጥፊው፤ ፎቶ አንሺው፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። ኤስኤምኤሱን ወደ 330330 ላኪ። ሪያድ ላይ ፖሊስ በ911 ይገኛል፤ «ኩሉና አምን» በሚለው የመንግስት አፕም ማመልከት ይቻላል። ጉዳዩ የደሞዝ ወይም የውል ከሆነ የሰው ሃብት ሚኒስቴሩ ቁጥር 19911 ነው።

አረብኛው ከከበደሽ የምታምኛት ማዳም ካለች ንገሪያት፤ ካልሆነም አረብኛ የምትችል እህት ፈልጊ። ኢቃማ የሌላት እህት ፖሊስ ጋ መሄድ እንደሚያስፈራት ይገባኛል። እሷም ቢሆን አካውንቷን ማሳገድና ለሌሎች ማስጠንቀቅ ትችላለች።

ለማጠቃለል

ማጣሪያው እየተሻሻለ ነው፤ አንድ ቀን አማርኛንም በደንብ ይይዝ ይሆናል። የሚይዘው ግን እኛ ካስተማርነው ነው። መጥፎ መልእክት በአማርኛ ሲመጣ ዝም ብለሽ አታጥፊ፤ ሪፖርት አድርጊ፣ ከዚያ ብሎክ አድርጊ። እስከዚያው ድረስ አማርኛ የሚያውቀው ብቸኛው ማጣሪያ አንቺ ነሽ። ይሄንን ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል እህት በድምጽ አንብበሽ ላኪላት፤ አዲስ ለመጣችው ደግሞ ደሞዟ ከመግባቱ በፊት ስልኳን አብረሽ አስተካክዪላት።

ሰላም ሁኑ እህቶቼ፣ ለአገራችሁ ያብቃችሁ።